ሦስተኛው ተጫራች

ዋቅወያ የሞተው ጨረታው ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ስም የሚሸጥ ዴስክ ሲሠራ የኖረ አናጢ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ በመንግሥት የአቅራቢዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙን አስገብቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ማኅተም ሊጫረት ነበር። አይ ዕድል! አንዳንዱን ሰው ሊቀናው ሲል ጠብቆ ነው የሚጥለው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ነቀምቴ ከተማ ባኬ ጃማ ሰፈር ከሚገኘው የአናጢው ቤት ደረሰች። የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጸሐይወርቅ እዚሁ ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች የጎጃሞች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ትናገራለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባልም ልጅም የላትም። ሰው ሲያወራ አታቋርጥም። ዝም ብላ ታያለች፤ የሚያወራው ሰው ራሱ ጨንቆት ያልተጠየቀውን ይጨምራል።

ዋቅወያ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን አንተርሶ ደፋ ብሏል። ጋቢ ለብሷል። እግሩ ሥር አመድ ብቻ የቀረው የከሰል ምድጃ አለ። መስኮቱ ዝግ ነው። ከክፍሉ መሐል ለናሙና የተሠራች አንዲት የተማሪ ዴስክ ቆማለች። ሥራዋ ያስቀናል፤ እንዲህ ዓይነት ዴስክ ላይ ተቀምጦ የሚማር ልጅ ታድሏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ታፋ፤ ቀድሟት ደርሶ ነበር። «ምድጃው የአዴ ድርቤ ነው። የግቢው ባለቤት ናት፤ በር ላይ በቆሎ ጠብሳ ትሸጣለች። ማታ ማታ የተረፈ ፍሟን ለእሱ ትሰጠዋለች። ትናንትም ሰጠችው፤ ቤቱ ዝግ ነው፣ የከሰሉ ጋዝ አፈነው። ሐኪሙም ይኼንኑ ነው ያለው። ምድጃው የኔ ነው ብላ አምናለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ መኪናው ላይ አስቀምጫታለሁ።»

«ፈጠንክ።»

«ምን ልጠብቅ ታዲያ?»

ጸሐይወርቅ ጣቷን ዴስኩ ላይ አሳረፈችና አነሳችው፤ ተጣበቀባት። ቫርኒሹ አልደረቀም። ከዚያ ጋቢውን ጎንበስ ብላ አየችው። ጫፉ በጀርባው በኩል ዞሮ ከተቀመጠበት በታች ተወትፏል፤ እናት ልጇን ስታስተኛ እንደምታደርገው። ግራ ትከሻው ላይ፣ ከጋቢው በላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ጠብታ ደርቃለች። በጥፍሯ ፋቀቻት። ሰም ናት።

ቤቱን ዞራ አየች። መደርደሪያው ላይ ዋቅወያ እንጨት የሚያሽበት ቢጫ የንብ ሰም በጣሳ አለ። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ እንደተከፈተ ተቀምጧል። ቀይ ሻማ የሚባል ግን በቤቱ ውስጥ የለም።

ወጥታ ወደ መኪናው ሄደች። ድርቤ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። አርባ ስምንት ዓመት ሊሆናት ይችላል፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አታለቅስም። ያለቀሰች ብትሆን ይሻላት ነበር።

«አዴ ድርቤ፣ ምድጃውን የት ነበር ያስቀመጡለት?»

«ደጅ። ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በማይነካው በኩል። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ነው የማስቀምጥለት። ወጡን እዚያው አሙቆ ይበላል። ቫርኒሽ ባለበት ቤት እሳት ይገባል እንዴ? አንድ ቀን በሩ ጋ ባስጠጋሁበት ‹ልታቃጥይኝ ነው ወይ!› ብሎ ጮኾብኛል።»

«መስኮቱንስ ይዘጋል?»

«ቫርኒሽ በቀባ ቀን? ዝናብ ቢገባበትም አይዘጋም። ሽታው ራስ ያዞራል፤ ደግሞ አይደርቅለትም።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ላይ በዝናብ ተመለስኩ። በሩ ዝግ ነው፣ ጨለማ ነው። ተኝቷል አልኩ። ናሙናውን ለማድረስ ሦስት ሌሊት አልተኛማ! ዛሬ እንኳን ይረፍ ብዬ አለፍኩት። አለፍኩት እኮ!» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጸሐይወርቅ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች።

«የጨረታ ፖስታው ቤት ውስጥ የለም» አለች።

«አሽጎት ነበር። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ‹ድርቤ፣ ነዪ እዪ› ብሎ ጠራኝ። በዚያ ቢጫ ሰሙ አሸገው። ማኅተሙንም እኔ እያየሁ አሳረፈ። ዋጋውንም ነገረኝ። ‹እስኪከፈት ለማንም እንዳትናገሪ› አለኝ።»

«ለእኔ ይንገሩኝ።»

«ሲከፈት ነው የሚነገረው።»

«አዴ ድርቤ፣ ሊታሰሩ ነው እኮ። የሚያድንዎት ነገር ቢሆንስ?»

«ሰጥቶኝ የሄደው እሱን ብቻ ነው» አለች ድርቤ። «ሲከፈት ይነገራል።»

ታፋ ተበሳጭቶ ዘወር አለ። ጸሐይወርቅ ግን አልተቆጣችም። «ማን ይመጣበት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ማን አለውና? አቶ በላይ ነበር፤ የፈርኒቸር ነጋዴው። ከተጣሉ ወዲህ ቀረ። ሌላው ጋሩማ ነው። ፈቃዱንም ያስወጣለት፣ በኢንተርኔት ያስመዘገበውም እሱ ነው። ዋቅወያ ‹ሰው አገኘሁ› ይለኝ ነበር። በዚህ ዕድሜው ጓደኛ በማግኘቱ እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለው።»

ይኼን እያለች ሳለ በላይ ራሱ ጭቃውን እየረገጠ ግቢው ውስጥ ገባ። የሸዋ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ።

«እኔን እሰሩኛ!» አለ ገና ከበሩ። «ከተማው እንደሁ እኔን ነው የሚያየው! አዎ፣ ተጣልቻለሁ። አዎ፣ እግርህን እሰብረዋለሁ ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ጥሎኝ ሄደና! አሥራ አምስት ዓመት እሱ ሠራ፣ እኔ ሸጥኩ። ሂሳቡን አላስቀረሁበትም። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን ‹ይኼን የሠራው ዋቅወያ ነው› ብዬ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በፊት መንገድ ላይ አገኘሁትና ‹እኔ አሁን አቅራቢ ነኝ› አለኝ። ሳቅሁበት። ሰው ፊት ሳቅሁበት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» በላይ በመሐረቡ ፊቱን ጠረገ።

«እርስዎስ በዚህ ጨረታ አልገቡም?»

«ሰነዱን ገዝቼ ነበር። ሳስበው በማን እጅ ልሠራው? ተውኩት። ቢሰረዝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ አናጢ እስካገኝ ጊዜ አገኝ ነበር።»

ጸሐይወርቅ ይህችን ነገር በልቧ ያዘች።

የጋሩማ ሱቅ ጨረታውን ካወጣው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነው። ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃል፤ የራሱ የጠቅላላ ዕቃ አቅራቢ ድርጅትም አለው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገተ ሰበር ሰው ነው። መርዶውን ሰምቶ ዓይኑ ቀልቷል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኢንስፔክተር። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ወንድሜ ነበር እኮ።»

«ነጋ፣ ደኅና። አልቆይም። የዋቅወያ ፖስታ የት እንዳለ ያውቃሉ?»

«ሳጥን ውስጥ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ከራሴ ጋር አብሬ ከተትኩለት። መሞቱን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ታሽጎ ነበር?»

«ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት። እኔ እንዳለ ነው የከተትኩት።»

«ማታ ቤቱ አልሄዱም?»

«በዚያ ዝናብ? አልሄድኩም።»

ጸሐይወርቅ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው አዞረች። እዚያ ላይ ግማሹ ያለቀ ቀይ ሻማ አለ። ጋሩማ ዓይኗን ተከትሎ አየው።

«ተጫራች ሁሉ ማሸጊያውን ከእኔ ነው የሚገዛው» አለ ሳይጠየቅ።

«እርስዎም ተጫርተዋል አሉኝ።»

«ጓደኝነት ሌላ፣ ጨረታ ሌላ» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ከሱቁ ወጥታ ታፋን ወደ ጎን ጠራችው። «የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጣና ይህን ሱቅ ፈትሽ። በዋቅወያ ስም ያለ ወረቀት ሁሉ ይፈለግ። እኔ ጨረታው ቦታ እጠብቅሃለሁ። አዴ ድርቤንም እዚያ አስመጣልኝ።»

«ተጠርጣሪ ጨረታ ሊታደም?»

«ሊታደም» አለች።

የመሥሪያ ቤቱ የግዢ ባለሙያ ሊሊሴ ገና ወጣት ናት፤ ሥራዋን የምትወድ፣ ማህደሮቿን በቀለም የምትለይ ዓይነት። ዋቅወያ መሞቱን ስትሰማ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

«ትናንትና ዛሬ ስንት ፖስታ ገባ?» አለቻት ጸሐይወርቅ።

«ሦስት ነው ጥበቃው የመዘገበው። የአቶ ጋሩማ ድርጅት፣ ከጉቴ የመጣ አንድ ድርጅት፣ የኦቦ ዋቅወያ።»

«የጉቴውን ማን አመጣው?»

ሊሊሴ መዝገቡን አየች። «እሱንም አቶ ጋሩማ።»

«ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮስ?»

«ይሰረዛል። በሰነዳችን ላይ ተጽፏል፤ ከሦስት ካነሰ ጨረታው ተሰርዞ እንደገና ይወጣል።»

«ሲከፈት ተጫራቾቹ ይገኛሉ?»

«ይገኛሉ እንጂ! የእያንዳንዱ ዋጋ ፊታቸው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ኦቦ ዋቅወያማ ‹ስሜን ስትጠሪ ልስማ፣ ከፊት እቀመጣለሁ› ብለውኝ ነበር። ዓርብ ዕለት ነው። የዴስኩ ብዛት ስለጨመረ አዲስ የዋጋ ማቅረቢያ ቅጽ አደልን፤ አሮጌው ቀርቷል። ራሳቸው መጥተው ፈርመው ወሰዱ። ‹ልጄ፣ እንዳልሳሳት› ብለው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።»

ጸሐይወርቅ መጻፏን አቆመች። ማን እንደገደለው ያወቀችው እዚህ ላይ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ተዘጋ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ውስጥ ኮሚቴው ተቀመጠ። ጋሩማ ከፊት ወንበር ይዟል። በላይ ከኋላ ቆሟል። ድርቤ በሁለት ፖሊሶች መሐል ናት፤ ሰው ሁሉ እየዞረ ያያታል፣ ይንሾካሾካል። እንግዲህ ሐሜት ዳኛ አይጠብቅም፤ በዚያች ሰዓት ከተማው ፈርዶባት ጨርሷል።

ሊሊሴ ሳጥኑን ከፍታ ሦስቱን ፖስታዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሦስቱም በቀይ ሰም ታሽገዋል።

ድርቤ ብድግ አለች። «የዋቅወያ የቱ ነው?»

ሊሊሴ አነሳችው።

«አይደለም! የሱ ቢጫ ነበር!»

«ዝም አስብሏት እንጂ» አለ ጋሩማ። «ሐዘን ነው፣ ምን ታድርግ።»

«ይከፈት» አለች ጸሐይወርቅ።

ሊሊሴ ቀደደችው። ወረቀቱን ገልጣ ፊቷ ተለወጠ። «ይህ አሮጌው ቅጽ ነው» አለች። «ፊርማና ማኅተም አለው። የአንዱ ዴስክ ዋጋ… ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር።»

«አዴ ድርቤ፣ አሁን ተከፍቷል» አለች ጸሐይወርቅ።

ድርቤ በቆመችበት፣ በጠራ ድምፅ፣ «ሁለት ሺህ አንድ መቶ» አለች። «‹በዚህ ዋጋ እኔም አልከስርም፣ ልጆቹም ጥሩ ዴስክ ያገኛሉ› ብሎኛል።»

በአዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ጸሐይወርቅ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ይህን ሰው የገደለው ከሰል ነው፤ ከሰሉን ያስገባው ግን ሰው ነው» አለች። «ዴስኩ ላይ ያለው ቫርኒሽ ዛሬ ጠዋትም አልደረቀም። ቫርኒሽ የቀባ አናጢ መስኮት አይዘጋም፤ እሳትም አያስገባም። አዴ ድርቤ ይህን ሕግ ስምንት ዓመት ታውቀዋለች። ስለዚህ ምድጃውን ከደጅ አንስቶ ያስገባው፣ መስኮቱንም የዘጋው ሌላ ነው።

«ሁለተኛ። ዋቅወያ ጋቢ ለብሶ ነበር፤ ጋቢው ከኋላው ዞሮ ከሥሩ ተወትፏል። ደፋ ብሎ የተኛ ሰው ራሱን እንደዚያ አይጠቀልልም። ሲተኛ አጠገቡ ሰው ነበር። ማን ፊት ይተኛል? የተጣላው ሰው ፊት አይተኛም። አቶ በላይ ቢመጣበት ኖሮ ሦስት ሌሊት ባይተኛም ዓይኑን አይከድንም ነበር።»

በላይ አንገቱን ደፋ።

«ሦስተኛ። ጋቢው ላይ ቀይ የሰም ጠብታ አለ። ከላይ ነው ያለው። ጋቢው ከተለበሰ በኋላ፣ ማለትም ዋቅወያ ከተኛ በኋላ፣ እዚያ ቤት ውስጥ በቀይ ሻማ ፖስታ ታሽጓል። አቶ ጋሩማ ግን ይህን ፖስታ አሥር ሰዓት ላይ ታሽጎ ተቀበልኩ ብሎኛል። አሥር ሰዓት ላይ ቢቀበል ኖሮ ሰሙ ቢጫ በሆነ ነበር።»

«እሷ ቢጫ አለች ብለው ነው?» አለ ጋሩማ። «ተጠርጣሪ ናት እኮ! ራሱ በቀይ አሽጎት፣ ተሳስቶም በአሮጌው ቅጽ ሞልቶ ቢሆንስ? የተማረ ሰው አልነበረም።»

«ሁለት ጊዜ አስነብበውኛል!» አለች ሊሊሴ ሳታስበው።

«የገረመኝ ግን ይኼ አልነበረም» አለች ጸሐይወርቅ። «የሟች ፖስታ ሳጥን ውስጥ መግባቱ ነው። ዋቅወያን ከጨረታው ማስወጣት የፈለገ ሰው ፖስታውን አቃጥሎ ይሄድ ነበር። ይህ ገዳይ ግን አቃጥሎ አልሄደም፤ ሌላ ተካበት። ዋቅወያን አይፈልገውም፣ ስሙን ግን ይፈልገዋል። ለምን? ከሦስት ካነሰ ይሰረዛላ! አንድ ሊያሸንፍ የተዘጋጀ ተጫራች ሁለት አጃቢ ያስፈልገዋል፤ ከፍ ያለ ዋጋ ጽፈው ቁጥር የሚሞሉለት። አንዱ የጉቴው ነው። ሌላው ዋቅወያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ፈቃዱም፣ ማኅተሙም፣ ምዝገባውም ለዚሁ ነው። እሱ ግን አጃቢ መሆኑን አላወቀም። እውነተኛ ዋጋ ጻፈ።

«ታዲያ ተኝቶ ሳለ ፖስታውን ለውጦ መሄድ አይበቃም ነበር? አይበቃም። ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዋቅወያ እዚህ፣ ከፊት ተቀምጦ፣ ‹የኔ አይደለም› ብሎ ይነሳ ነበር። የሞተው ለዚህ ነው። እንዳይሰማ።»

በሩ ተከፍቶ ሳጅን ታፋ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አንድ ማህደር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከአቶ ጋሩማ መሳቢያ» አለ። «አሮጌው የዋጋ ቅጽ፣ አራት። አንድም ቁጥር አልተጻፈባቸውም። አራቱም ላይ ግን የዋቅወያ ፊርማና ማኅተም አለ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለድርቤ፣ «አዴ፣ ይቅርታ» አላት።

«ሰነዱ በተገዛ ሰሞን ነው ያስፈረምከው» አለች ጸሐይወርቅ ወደ ጋሩማ ዞራ። አንቱታው ቀርቷል። «‹ቢበላሽ መጠባበቂያ› ብለኸው ይሆናል። ትናንት ማታ የሱ ፊርማ ያለበት ሌላ ወረቀት አልነበረህም።»

ጋሩማ በማህደሩ ላይ አፈጠጠ። ድምፁ እንደ ታመመ ሰው ሆነ።

«ቤቴን አስይዤ ነው አዲስ አበባ ዴስኩን ያዘዝኩት» አለ። «ዋጋውን ለውጥ ብዬ ለመንኩት። ሳቀ። ‹አንተ አይደለህ ዋጋህን አንተው ጻፍ ያልከኝ?› አለኝ። ለወግ ያልኩትን ነገር የምሩን ይዞት ነበር። ከዚያ ‹ትንሽ ልረፍ፣ አንተ እያለህ› አለና ተኛ።»

«አንተ እያለህ አለህ?» አለች ድርቤ።

ጋሩማ ቀና ብሎ አላያትም። ታፋ እጁን ይዞ አስነሳው። ሊሊሴ ጨረታው መሰረዙን አስታውቃ፣ የዋቅወያን ስም ከእነአባቱ ሙሉ አድርጋ በቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፈች። በላይ እያለቀሰ ነበር የወጣው።

ከሰዓት በኋላ ጸሐይወርቅ ድርቤን በራሷ መኪና ሆስፒታል ወሰደቻት። ነጻ ናት፤ ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር፤ ግን አስከሬኑን የሚወስድ ሰው አልተገኘም። ቢላ ከምትባለው ከተማ አካባቢ የአባቱ ወገኖች አሉ ተብሎ ተደውሎ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው የለም አሉ። አስከሬን ክፍሉ ደጃፍ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጸሐይወርቅ እሷ ብትሞት ማን እንደሚመጣላት አሰበች፤ አንድም ሰው በሐሳቧ አልመጣላትም፤ ቶሎ ብላ ሐሳቡን ተወችው።

የመዝገብ ሠራተኛው በመስኮቱ ብቅ አለ።

«የዋቅወያ ቤተሰብ?»

«እኔ ነኝ» አለች ድርቤ።

«ያለ ዘመድ አንሰጥም። ለሟች ምንዎት ነው?»

ድርቤና ዋቅወያ ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረው አንዳቸውም ያልተናገሩት ነገር ነበር፤ እሱ ያፍራል፣ እሷ ትጠብቃለች፤ ጨረታው ይለቅ ብሎ ይሆን፣ ማን ያውቃል። ሠራተኛው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ።

«ባሌ ነው» አለች።

ሠራተኛው ቀና ብሎ ኢንስፔክተሯን አየ። እሱም የባኬ ጃማ ልጅ ነው፤ ዋቅወያንም ድርቤንም ያውቃቸዋል።

«ምን ታየኛለህ?» አለች ጸሐይወርቅ። «ጻፍ።»

ጻፈው።